ሳይንስን በበቅሎ ጋሪ ጭነው ወደ ገበሬው ደጅ ያደረሱት ምሁር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ይኖር የነበረው ጥቁር ሕዝብ ከባርነት ቀንበር የተላቀቀው ያለ መሬትና ያለ ጥሪት ነበር። አብዛኛው የቀድሞ ጌቶቹን መሬት በእኩል እያረሰ የሚተዳደር ሲሆን፣ ለዘርና ለቀለብ የሚያስፈልገውን ከባለሱቅ በዱቤ እየወሰደ ዕዳውን የሚከፍለው ገና ካልተለቀመ የጥጥ ምርት ነበር። አበዳሪው በመያዣነት የሚቀበለው ጥጥን በመሆኑ አራሹ በአንድ ማሳ ላይ ከዓመት እስከ ዓመት ጥጥ ከመዝራት በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። መሬቱ ለምነቱን እያጣ፣ ምርቱ እየቀነሰ፣ ዕዳው ግን እየተቆለለ ሄደ።

ወደዚህ የተጎሳቆለ ገጠር በ1896 (በዚህ ጽሁፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጡት የዕፅዋት ሳይንስ ምሁር ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ናቸው። የካርቨር ስም በአብዛኛው የሚነሳው ከኦቾሎኒ ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ የሕይወታቸው ታላቅ ሥራ ሊባል የሚገባው ከኦቾሎኒ የሠሯቸው ውጤቶች ብዛት ሳይሆን፣ ማንበብ የማይችለው አራሽና የአራሹ ልጅ የሳይንስን ዕውቀት በዓይኑ አይቶ በእጁ እንዲሞክር ለማድረግ ለ47 ዓመታት ገደማ ያደረጉት ጥረት ነው።

ካርቨር የተወለዱት በሚዙሪ ግዛት ዳይመንድ ግሮቭ በተባለች መንደር አቅራቢያ በ1864 ወይም በ1865 ገደማ ነው። የባሪያ ልጅ የልደት ቀን ተመዝግቦ ስለማይያዝ ትክክለኛውን ቀን እርሳቸውም አያውቁትም ነበር። እናታቸው ሜሪ በ1855 በ700 ዶላር የተገዙ ሲሆን፣ የገዟቸውም ሞዝስ ካርቨር የተባሉ ገበሬ ናቸው። ጆርጅ ገና ጨቅላ ሳለ የሌሊት ወንበዴዎች እናትና ልጅን ጠልፈው ወሰዱ። ሞዝስ ካርቨር ፈላጊ ቢልኩም የተገኘው ሕፃኑ ብቻ ሲሆን፣ ለፈላጊውም በወሮታ መልክ አንድ ፈረስ ተሰጠው። እናትየው ከዚያ በኋላ የደረሱበት አልታወቀም።

ባርነት ሲያከትም ጆርጅና ታላቅ ወንድሙ ጂም በካርቨር ባልና ሚስት እጅ እንደ ልጅ አደጉ። ጆርጅ ሕመምተኛና ደካማ ሰውነት ስለነበረው የእርሻ ሥራ አልተሰጠውም። ይልቁንም ከወይዘሮ ሱዛን ካርቨር ምግብ ማብሰልን፣ ልብስ ማጠብንና መስፋትን ተማረ። የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፈው በጫካ ውስጥ ሲሆን፣ ዕፅዋትን እየነቀለ በስውር ቦታ ይተክል፣ የታመሙትንም ይንከባከብ ነበር። ጎረቤቶቹ የደረቀባቸውን አበባ ለማሳየት ወደዚህ ብላቴና ይመጡ እንደነበር ይነገራል። ለደካማ ልጅ የተሰጠው የቤት ውስጥ ሥራ ኋላ ላይ ለትምህርቱ መክፈያ የሆነው ሙያ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የአካባቢው ትምህርት ቤት ጥቁር ልጆችን ባለመቀበሉ ጆርጅ በ1877 ገደማ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ኒኦሾ ከተማ ሄደ። በዚያም ማርያ ዋትኪንስ የተባሉ አዋላጅና ልብስ አጣቢ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው አስጠጉት። ከኒኦሾ ወደ ካንሳስ ተሻግሮ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ፣ ልብስ እያጠበና ምግብ እያበሰለ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1879 ፎርት ስኮት በተባለች ከተማ ሕዝብ ተሰብስቦ አንድ ጥቁር ሰው ያለ ፍርድ ሲገድል አይቶ ያችን ከተማ ወዲያውኑ ለቆ ወጣ።

በ1885 ካንሳስ ውስጥ የሚገኝ አንድ ኮሌጅ በጽሁፍ ማመልከቻው መሠረት ከተቀበለው በኋላ ተማሪው በአካል ሲቀርብ ጥቁር መሆኑን አይቶ መለሰው። ወጣቱ ካርቨር በዚህ ቅስሙ ተሰብሮ በምዕራብ ካንሳስ ሜዳ የሣር ጭቃ ቤት ሠርቶ መሬት ማረስ ጀመረ። ወደ ትምህርት የተመለሰው በ1890 በአይዋ ግዛት ሲምፕሰን ኮሌጅ ሲሆን፣ የገባውም ሥዕልና ፒያኖ ለማጥናት ነበር። የሥዕል መምህርቱ ኤታ በድ ተማሪያቸው የሚሥላቸውን ዕፅዋት ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ስላስተዋሉ፣ አባታቸው በሚያስተምሩበት በኤምስ ከተማ የግብርና ኮሌጅ እንዲገባ መከሩት። ምክሩን ተቀብሎ በ1891 የኮሌጁ የመጀመሪያ ጥቁር ተማሪ ሆነ። ሥዕሉንም ቢሆን አልተወውም፤ በ1893 በቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከቀረቡት ሥራዎቹ አንዱ ምስጋና አግኝቷል።

ካርቨር በ1894 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1896 ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት የኮሌጁን የዕፅዋት ማቆያ ቤት በኃላፊነት ከመምራታቸውም በላይ በፈንገስ በሽታዎች ጥናት ስም አትርፈዋል። ወጣቶችን በማስተማር ረገድ ያላቸው ተሰጥኦ የታየውም በዚሁ ጊዜ ነው። ከኮሌጁ ባልደረቦቻቸው የአንደኛውን ልጅ ወደ መስክ ይዘው እየወጡ ሣርንና አበባን ያስተዋውቁት ነበር። በወቅቱ የስድስት ዓመት ገደማ ዕድሜ የነበረው ይህ ሕፃን ሄንሪ ዋላስ ሲሆን፣ ከ1933 እስከ 1940 የአሜሪካ የግብርና ሚኒስትር፣ ከ1941 እስከ 1945 ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል። ዋላስ ለዕፅዋት ያደረበት ፍቅር ከእነዚያ የመስክ ጉዞዎች የመነጨ መሆኑን ካደገ በኋላ መስክሯል።

በ1896 የታስኪጊ ተቋም መሥራችና ኃላፊ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ካርቨርን የግብርና ክፍሉን እንዲመሩ ጋበዟቸው። ካርቨር በኤምስ ቢቆዩ ኖሮ የተሟላ ቤተ ሙከራና የተከበረ ሥራ ነበራቸው። በአላባማ የጠበቃቸው ግን ባዶ ክፍልና የተሸረሸረ መሬት ነው። ተማሪዎቻቸውን ይዘው ከቆሻሻ መጣያ ስፍራዎች ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና አሮጌ ዕቃ እየለቀሙ የመጀመሪያውን ቤተ ሙከራ አደራጁ። በ1897 የአላባማ ግዛት ምክር ቤት ለታስኪጊ የምርምር ጣቢያ በዓመት 1,500 ዶላር እንዲሰጥ ወሰነ። ይህ በጀት በየዘመኑ ሲነጻጸር ለነጮች ኮሌጅ ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ሆኖ ዘልቋል። ካርቨር በጣቢያው ማሳ ላይ የሚሞከር ነገር ሁሉ አንድ በቅሎ ብቻ ያለው አራሽ ሊያደርገው ከሚችለው በላይ ወጪ እንዳይጠይቅ የራሳቸውን መመሪያ አወጡ። ውድ የፋብሪካ ማዳበሪያ ሳይሆን ከጫካ የተሰበሰበ ቅጠልና ከረግረግ የወጣ ጥቁር አፈር ተበስብሶ ለማሳው ዋለ።

ሳይንሱ በራሱ ውስብስብ አልነበረም። ጥጥ በተደጋጋሚ ሲዘራ የአፈሩን ናይትሮጂን ይመጥጣል። እንደ ኦቾሎኒና ካውፒ የተባለው የአደንጓሬ ዘመድ ያሉ ጥራጥሬዎች ደግሞ በሥራቸው ላይ ባሉ እባጮች ውስጥ ባክቴሪያዎችን ስለሚያስተናግዱ ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው አፈር ውስጥ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ጥጥን ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅ መሬቱን ይፈውሳል፤ የገበሬውን ቤተሰብም ገንቢ ምግብ ያበላል። ይህ በሌሎች ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። የካርቨር ድርሻ ዕውቀቱን ለሚያስፈልገው ሰው ማድረስ ነው።

ማድረሱ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ቡከር ዋሽንግተን ከ1892 ጀምሮ በየዓመቱ የገበሬዎች ጉባኤ ያካሂዱ የነበረ ሲሆን፣ ካርቨር ደግሞ በ1897 ወርሃዊ የገበሬዎች ስብሰባ ጀመሩ። ገበሬዎቹ ያመረቱትን ይዘው ይመጣሉ፤ የምርምር ጣቢያውን ማሳ ይጎበኛሉ፤ ያልገባቸውን ይጠይቃሉ። ከ1904 ጀምሮ የመስክ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በጥር ወር አጭር የግብርና ሥልጠና በነፃ ይሰጥ ጀመር። ሆኖም ችግሩ የከፋበት አራሽ ወደ ታስኪጊ የሚመጣበት በቅሎም ሆነ ጊዜ አልነበረውም። ካርቨር ይህን በመረዳት ሳምንታዊ የዕረፍት ቀናቸውን ሠውተው፣ ዘርና መሣሪያ በጋሪ ጭነው ወደ ገጠር መውጣት ያዙ። ሕዝቡ እሑድ የሚሰበሰበው በቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ትምህርቱም የሚሰጠው በዚያው ቅጥር ግቢ ነበር። ካርቨር ለሴቶቹ አትክልት በፀሐይ ማድረቅን፣ ሥጋ ሳይበላሽ ማቆየትንና ስኳር ድንች ለተለያየ ምግብ ማዋልን ያሳያሉ። ከአካባቢው ሸክላ አፈር ቀለም አዘጋጅተው የጎጆ ግድግዳ እንዴት እንደሚቀባ በተግባር ያስተምራሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርግ የመንግሥት መዋቅር ያኔ በአካባቢው አልነበረም፤ ቢኖርም ለጥቁሩ አራሽ አይደርስም ነበር።

ይህ በግል ተነሳሽነት የተጀመረ ሥራ በ1906 መልክ ያዘ። ሞሪስ ጀሰፕ የተባሉ የኒውዮርክ ባለባንክ ገንዘብ ለገሱና ካርቨር በነደፉት ንድፍ መሠረት የተቋሙ ተማሪዎች አንድ ትልቅ ጋሪ ሠሩ። በለጋሹ ስም የጀሰፕ ጋሪ የተባለው ይህ ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤት በግንቦት ወር ጉዞውን የጀመረ ሲሆን፣ ማረሻ፣ የተሻሻለ ዘር፣ የወተት መናጫና የቅባት መለያ፣ እንዲሁም ማንበብ ለማይችል ሰው የሚረዱ ሥዕላዊ ሠንጠረዦችን ይዞ ይጓዝ ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው። ጋሪው በአንድ መንደር ቆሞ የአንድ ገበሬ ማሳ ይመረጣል፤ ጎረቤቶች ይጠራሉ፤ ሥራውም በዚያው በገበሬው መሬት ላይ፣ በራሱ እጅ ይሠራል። ጋሪው ከሄደ በኋላ ማሳው ለመንደሩ ሰዎች ማሳያ ሆኖ ይቀራል።

የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር በዚያው ዓመት የተቋሙን ተመራቂ ቶማስ ካምቤልን ቀጥሮ በጋሪው ላይ መደባቸው። ካምቤል በሀገሪቱ የመጀመሪያው ጥቁር የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናቸው። ከስምንት ዓመት በኋላ በ1914 የወጣው የስሚዝ ሌቨር ሕግ የኤክስቴንሽን አገልግሎትን በመላ አሜሪካ በፌዴራልና በግዛቶች በጀት የሚደገፍ መደበኛ የመንግሥት ሥራ አደረገው። ሕጉ ከብዙ ሰዎችና ተቋማት ጥረት የተወለደ ስለሆነ ለአንድ ጋሪ ብቻ ማስቆጠር ማጋነን ይሆናል። ቢሆንም ሕጉ ሲወጣ የታስኪጊው ጋሪ ስምንት ዓመት የሠራ ልምድ ነበረው። ጋሪው በ1918 በጭነት መኪና የተተካ ሲሆን፣ በኋላም ከግብርና ባለሙያው ጋር የቤት አያያዝ አስተማሪና ነርስ አብረው መጓዝ ጀመሩ። አሜሪካ በዚህ መልክ ያደራጀችው የግብርና ትምህርት፣ ምርምርና ኤክስቴንሽን ጥምረት በ1950ዎቹ በኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለዓለማያ ኮሌጅ መመሥረት መነሻ መሆኑም የሚታወስ ነው።

ካርቨር ለገበሬው ካዘጋጇቸው ነገሮች ሁሉ የበለጠ የተሠራጩት ትንንሽ መጽሔቶቻቸው ናቸው። ከ1898 ጀምሮ ከ40 በላይ የሚሆኑ መጽሔቶችን ያሳተሙ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ስለ ባሉጥ ዛፍ ፍሬ ለከብት መኖነት ይናገራል። አብዛኛዎቹ ለገበሬው የአስተራረስ ዘዴን፣ ለባለቤቱ የምግብ አሠራርን፣ ለመምህሩ ደግሞ የማስተማሪያ ቁም ነገርን በአንድነት የያዙ ናቸው። በ1910 የወጣው ለገጠር ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ መምህራን ልጆችን ከክፍል አውጥተው በጓሮ አትክልት አማካይነት ስለ አፈር፣ ስለ ነፍሳትና ስለ ዕፅዋት እንዲያስተምሩ ይመራል። ኦቾሎኒ አብቃቀልንና ለምግብ የሚውልባቸውን 105 መንገዶች የያዘው ዝነኛ መጽሔት የታተመው በ1916 ነው።

ይህን በተመለከተ በተለምዶ የሚነገረውን ማረም ያስፈልጋል። ካርቨር የኦቾሎኒ ቅቤን አልፈለሰፉም፤ ከእርሳቸው በፊት በ1884 ማርሴለስ ኤድሰን የተባሉ ካናዳዊ በተመሳሳይ ውጤት የባለቤትነት መብት አግኝተውበታል። ከኦቾሎኒ ሠሯቸው ከሚባሉት 300 ያህል ውጤቶች መካከልም ብዙዎቹ የምግብ አሠራሮች ወይም ቀድሞ የታወቁ ነገሮች ሲሆኑ፣ ለገበያ የበቁት ጥቂት ናቸው። ራሳቸው ያስመዘገቧቸው የፈጠራ መብቶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ከ1925 እስከ 1927 ባለው ጊዜ ስለ መዋቢያ ቅባትና ስለ ቀለም የተሰጡ ናቸው። ካርቨር እነዚህን ውጤቶች ሲያሳዩ ዓላማቸው ገበሬውን ማደፋፈር ነበር። ኦቾሎኒ ዝራ የተባለ አራሽ ምርቱን ማን ይገዛኛል ብሎ መጠየቁ አይቀርምና።

የጥጥ ፍሬ የሚያጠፋው ነቀዝ መሰል ተባይ በ1892 ከሜክሲኮ ወደ ቴክሳስ ተሻግሮ በ1910ዎቹ አላባማን ሲያጥለቀልቅ የካርቨር ምክር ሰሚ ጆሮ አገኘ። ጥጡ የወደመበት ገበሬ ወደ ኦቾሎኒ ፊቱን አዞረ። ኢንተርፕራይዝ በተባለች የአላባማ ከተማ ነዋሪዎቹ ሌላ ሰብል እንዲያመርቱ ላስገደዳቸው ለዚህ ተባይ በ1919 ሐውልት ማቆማቸው እስካሁን መነጋገሪያ ነው።

የካርቨር ዝና በመላ ሀገሪቱ የተሰማው በ1921 ነው። የኦቾሎኒ አምራቾች ከውጭ በሚገባው ምርት ላይ ቀረጥ እንዲጣል ለመጠየቅ ካርቨርን ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የገቢዎች ኮሚቴ ላኳቸው። የተፈቀደላቸው 10 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ ከአባላቱ አንዱ ዘራቸውን የሚነካ ቀልድ ጣል አደረገባቸው። ካርቨር ሳይቆጡ ከሣጥናቸው ውስጥ ወተቱን፣ ቀለሙንና ጣፋጩን እያወጡ ማብራራታቸውን ቀጠሉ። ሰብሳቢው ጊዜውን ደጋግመው አራዘሙላቸው፤ በመጨረሻም ኮሚቴው በጭብጨባ ሸኛቸው። በ1922 የወጣው የታሪፍ ሕግ በኦቾሎኒ ላይ ቀረጥ የጣለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በደቡብ ግዛቶች ወደሚገኙ የነጮች ኮሌጆች እየተጋበዙ ለወጣቶች ንግግር ማድረግ ያዙ። አዳራሽ ሙሉ ተማሪ የሚያዳምጣቸው ምሁር በዘር መድልዎ ሕግ ምክንያት በከተማው ሆቴል ማደር አይፈቀድላቸውም ነበር። ይህም ሆኖ ካገኟቸው ነጭ ወጣቶች ከብዙዎቹ ጋር ለዓመታት በደብዳቤ ይጻጻፉና ይመክሯቸው ነበር። በታስኪጊ ደግሞ እሑድ ማታ ፈቃደኛ ተማሪዎችን ሰብስበው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይሰጡ ነበር። ለሠላሳ ዓመት ገደማ በዘለቀው በዚህ ክፍል ለማስረዳት የሚጠቀሙት ከመንገድ ዳር የለቀሙትን ድንጋይ፣ ቅጠልና አበባ ነው።

ካርቨር ጉድለት የሌላቸው ሰው አልነበሩም። የጽሕፈት ቤት አስተዳደር አይሆንላቸውም። በተለይ በተቋሙ የዶሮ እርባታ ጉዳይ ከቡከር ዋሽንግተን ጋር በተደጋጋሚ ተጋጭተዋል፤ ሥራ ለመልቀቅም ደጋግመው ጠይቀዋል። ዋሽንግተን ሪፖርትና ውጤት ይፈልጋሉ፤ ካርቨር ደግሞ ቤተ ሙከራና ጊዜ። በሁለቱም በኩል እውነት ነበር። የሙከራ መዛግብታቸውን በአግባቡ ጽፈው ባለማስቀመጣቸውም ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራቸውን ደግመው ለመፈተሽ ተቸግረዋል። በ1930ዎቹ የኦቾሎኒ ዘይት ለፖሊዮ ሕሙማን ይረዳል ብለው ማሸት ሲጀምሩ ብዙ ሕሙማን ወደ ታስኪጊ ጎርፈዋል። ዘይቱ በሽታውን እንደሚፈውስ ግን በሳይንስ አልተረጋገጠም፤ ታማሚዎቹ ካገኙት ጥቅም አብዛኛው ከማሸቱ የመጣ ነው ተብሎ ይታመናል።

ትዳር አልመሠረቱም፤ ልጅም አልወለዱም። አሮጌ ኮት ለብሰው፣ በደረታቸው ላይ በየቀኑ አዲስ አበባ ሰክተው የሚታዩ ሰው ነበሩ። የሚኖሩት በተቋሙ የተማሪዎች መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን፣ ደመወዛቸውን እምብዛም ስለማይነኩት በእጃቸው የተጠራቀመው ገንዘብ በርከት ያለ ነበር። በ1940 በስማቸው ለተቋቋመው የምርምር ድርጅት ያጠራቀሙትን መስጠት የጀመሩ ሲሆን፣ ከሞቱ በኋላ የተላለፈው ሲደመር 60 ሺህ ዶላር ገደማ ደረሰ።

ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ጥር 5 ቀን 1943 በታስኪጊ አርፈው በተቋሙ ቅጥር ግቢ ከቡከር ዋሽንግተን መቃብር አጠገብ ተቀበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 14 ቀን የተወለዱበት የሚዙሪ እርሻ ብሔራዊ መታሰቢያ እንዲሆን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሕግ አጸደቁ። በአሜሪካ ታሪክ ለጥቁር አሜሪካዊ የተሰየመ የመጀመሪያው ብሔራዊ መታሰቢያ ይህ ነው። ታስኪጊ ውስጥ በ1941 በተከፈተው ሙዚየም ተቀምጠው ከነበሩት ሥዕሎቻቸው አብዛኛዎቹ በ1947 በተነሳ ቃጠሎ ጠፍተዋል። ለገበሬው የጻፏቸው መጽሔቶች ግን በብዙ ቅጂ በየመንደሩ ተበትነው ስለነበር ዛሬም በየቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ።